የአሮጌ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ታፔት፦ ሶሊድ ነው ሃይድሮሊክ?

«ማስተካከያ ብሎን ካለው ሶሊድ ነው፣ ከሌለው ሃይድሮሊክ ነው።»

ቫልቭ ከሚከፍቱት የሞተር ክፍሎች አንዱ ስለሆነው ስለ ታፔት የሚባለውን ይህን አባባል አዳማ ውስጥ ጋራዥ በር ላይ ትንሽ የቆመ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ሶሊዱ ድፍን ብረት ነው፣ ሃይድሮሊኩ ውስጡ ዘይት ይሞላል። ችግሩ ግማሹ ብቻ እውነት መሆኑ ነው። ሮከሩ (ቫልቩን የሚጫነው ክንድ) ላይ ምንም ማስተካከያ ከሌለ፣ አዎ፣ ታፔቱ ሃይድሮሊክ ነው ብላችሁ ብትነሱ ብዙም አትሳሳቱም። ማስተካከያ ካለ ግን ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ይሄን ሳያጣራ ፊለር (ክፍተት የሚለካበት ስስ ብረት) ይዞ ሞተር ላይ የሚያጎነብስ ሰው ነው በኋላ «ቫልቭ ተቃጥሏል፣ ቴስታታ (የሞተሩ አናት) ይውረድ» ተብሎ ሂሳብ የሚመጣለት። ሂሳቡ ደግሞ የሚመጣው ለሜካኒኩ ሳይሆን ለባለመኪናው ነው።

የማወራው ስድስቱ ሲሊንደር በአንድ መስመር ስለተደረደረባቸው የድሮ ሞተሮች ነው። እኛ ጋ ይሄ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የቶዮታ ላንድክሩዘር ነው፣ 40 እና 45 የሚባሉት፣ የአሰላን ዳገት ጭነት ተሸክመው ሲወጡ የኖሩት። ከነሱ ሌላ የድሮ ኒሳን ፓትሮል አለ። ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ የቆመ ሸቭሮሌት ወይም ዶጅ ያለውም ሰው አይጠፋም። ሰሞኑን እነዚህን መኪኖች አንስቶ ማደስ የሚወድ ወጣት በዝቷል። ደስ ይላል። ግን ብዙው ሰው እጁን የፈታው በአዳዲስ መኪና ላይ ስለሆነ ታፔት ማስተካከል የሚባለው ነገር እንግዳ ሆኖበታል።

ታፔት ምን እንደሆነ ቶሎ ልበል። ካምሻፍቱ ላይ ጉብታዎች አሉ። ካሙ ሲዞር ጉብታው ታፔቱን ከታች ይገፋዋል። ታፔቱ ፑሽሮዱን ያነሳል፣ ፑሽሮዱ የሮከሩን አንድ ጫፍ ያነሳል፣ የሮከሩ ሌላኛው ጫፍ ቫልቩን ይጫናል፣ ቫልቩ ይከፈታል። ጉብታው ሲያልፍ ስፕሪንጉ ሁሉንም ወደ ቦታው ይመልሳል። ስድስት ሲሊንደር ለእያንዳንዱ ሁለት ቫልቭ ካለው 12 ቫልቭ አለ፣ ስለዚህ 12 ታፔት አለ ማለት ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ከካም እስከ ቫልቭ ያለው ሁሉ ተጣብቆ ከተቀመጠ፣ ሞተሩ ሲግል ቫልቩ ይረዝምና ሙሉ በሙሉ መዘጋት ያቅተዋል። በጣም ትንሽ ስንጥቅ ትቀራለች። የሚቃጠለው ጋዝ በዚያች ስንጥቅ ይወጣል፣ የቫልቩን ጠርዝ ይበላዋል። በተለይ የጭስ ቫልቭ። የጭስ ቫልቭ ሙቀቱን በዋናነት የሚለቀው ተዘግቶ መቀመጫው ላይ ባረፈባት ቅጽበት ነው፤ በደንብ ካላረፈ እየጋለ፣ እየጋለ ይሄዳል። ቫልቭ የሚቃጠለው እንዲህ ነው።

ይህን ችግር ሶሊድ ታፔት በክፍተት ይፈታዋል። ራሱ ድፍን ብረት ነው፣ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። በሮከሩና በቫልቩ ጫፍ መሀል የታወቀች ክፍተት ይተዋል፣ መርዘሙ በዚያች ክፍተት ይዋጣል። ለምሳሌ የቶዮታ 2ኤፍ ሞተር ሲሞቅ ተለክቶ ማስገቢያው 0.20 ሚሊሜትር፣ የጭሱ 0.35 ሚሊሜትር ነው። የጭሱ የሚበልጠው የበለጠ ስለሚግል ነው። ክፍተት ስላለ ድምፅ አለ። ሶሊድ ታፔት ያለው ሞተር ትንሽ «ቲክ ቲክ» ማለቱ ጤናው ነው። ጭራሽ ጸጥ ያለ ሶሊድ ካገኛችሁ እሱ ነው የሚያሳስበው።

ሃይድሮሊኩ ግን ክፍተት አይፈልግም። ውስጡ ትንሽ ፒስተን አለ፣ ከሥሩ ስፕሪንግና ዘይት ወደ ውስጥ አስገብቶ ወደ ኋላ የማይመልስ ኳስ አለ። የሞተሩ ፓምፕ ዘይት ይልክለታል፣ ዘይቱ ከፒስተኑ ሥር ይሞላል፣ ኳሱ ይዘጋል። ጫፉ በጣት የተደፈነ ስሪንጅ ስትገፉ እንደሚከብዳችሁ ማለት ነው፤ ዘይቱ ስለማይታመቅ ታፔቱ በዚያች ቅጽበት እንደ ድፍን ብረት ይሠራል። ቫልቩ ሲረዝም ትንሽ ዘይት ያንጠባጥብና ያጥራል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይሞላል። በየዙሩ ራሱን ያስተካክላል። ለዚህ ነው ጸጥ የሚለው።

ሁለቱን ማምታታት የሚያስከትለው ጉዳት አንድ ዓይነት አይደለም። ሃይድሮሊኩን እንደ ሶሊድ ቆጥራችሁ ክፍተት ብትተዉለት ይጮኻል፣ ኃይል ይቀንሳል፣ ግን ጩኸቱ ራሱ ስለሚያጋልጠው ቶሎ ትመለሱበታላችሁ። ተቃራኒው ነው መጥፎው። ሶሊዱን እንደ ሃይድሮሊክ ቆጥራችሁ ክፍተቱን አጥፍታችሁ ብሎኑን አንድ ዙር ብትጨምሩበት ቫልቩ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሞተሩ ወይ አይነሳም፣ ወይ እየተንገዳገደ ይነሳል። ክፍተቱን ብቻ አጥፍታችሁ ዙሩን ካልጨመራችሁ ደግሞ የባሰ ነው። ሞተሩ ጥሩ ሆኖ ይነሳል፣ ባለመኪናው «እንዴት ጸጥ አለ!» ብሎ ይመርቃችኋል፣ ከዚያ ዳገት ላይ ቫልቩ ይቃጠላል።

እና ብሎኑ ለምን አይፈርድም? የድሮውን የሸቭሮሌት 235 ሞተር እዩት። በ1953 እ.ኤ.አ. ያው 235 በሁለት ዓይነት ይሸጥ ነበር። በእጅ ካምቢዮ የመጣው ሶሊድ ታፔት ነበረው፣ ፓወርግላይድ ከሚባለው አውቶማቲክ ጋር የመጣው ሃይድሮሊክ። ሁለቱም ሮከራቸው ላይ ማስተካከያ ብሎን አላቸው። በዚያው ዓመት የወጣችው ኮርቬት ደግሞ አውቶማቲክ ሆና ሶሊድ ነበረች! በ1960ዎቹ የመጡት የሸቭሮሌት 230 እና 250 ሞተሮችም ሮከሩ መሀል ላይ የሚጠብቅ ዳዶ አላቸው፣ ታፔታቸው ግን ሃይድሮሊክ ነው። እዚያ ዳዶው ክፍተት ለመተው አይደለም፣ የታፔቱን ትንሽ ፒስተን ከጉዞው መሀል ላይ ለማስቀመጥ ነው። ስላንት ሲክስ የሚባለው የክራይስለር ስድስት ሲሊንደር ደግሞ በጊዜ የተለየ ነው፤ ከ1960 እስከ 1980 ሶሊድ፣ ከ1981 ጀምሮ ሃይድሮሊክ።

ቶዮታ ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ኤፍ፣ 2ኤፍ፣ 3ኤፍ፣ ሁሉም ሶሊድ ናቸው። የናፍጣው 2ኤችም ሶሊድ ነው። 1ኤችዜድ የሚባለው በ1990 የመጣው ናፍጣ ግን ሌላ ዓለም ነው። ካሙ ከላይ ቴስታታው ውስጥ ነው፣ ፑሽሮድ የሚባል ነገር የለውም፣ ክፍተቱ የሚስተካከለው የተለያየ ውፍረት ባላት ክብ ብረት ነው፣ ብሎን አትፈልጉበት።

«እንግዲያው የመኪናውን ስም አይቼ ልወስን» ትሉ ይሆናል። በሌላ አገር ምናልባት። እኛ ጋ አርባና ሃምሳ ዓመት የሠራ መኪና ሞተሩ አንዴ ወይ ሁለቴ ያልተቀየረ ስንት አለ? ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥር አለ፣ እሱን ብሎኩ ላይ ከተመታው ቁጥር ጋር አስተያዩ። ቢገጥም እንኳ የሚነግራችሁ ብሎኩን ነው። ውስጡ ማን ምን ካምና ምን ታፔት እንደከተተበት ሊብሬ አያውቅም። ስለዚህ ስሙ ግምት ይሰጣል፣ እርግጠኝነቱ የሚመጣው ከእጅና ከጆሮ ነው።

ከጆሮ እንጀምር። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ይደር። ጠዋት ስታስነሱት በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ጮኾ፣ ዘይት ሲደርሰው ቀስ በቀስ ጸጥ ካለ ሃይድሮሊክ ሳይሆን አይቀርም። ቆሞ ሲያድር ክፍት ቫልቭ ላይ የቀሩት ታፔቶች ዘይታቸውን ስለሚያንጠባጥቡ ነው። ሶሊዱ እንዲህ አያደርግም፤ ሲነሳም ሲሞቅም ያቺው ቲክቲክታ አለች፣ ነዳጅ ስትሰጡት ትፈጥናለች እንጂ አትጠፋም። አዳማ ውስጥ ጠዋቱም ብዙ ስለማይቀዘቅዝ ዘይቱ ቶሎ ይደርሳል፣ የሃይድሮሊኩ ጩኸት በጣም አጭር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሌላ ሰው ቁልፍ እንዲያዞር አድርጋችሁ እናንተ ኮፈኑ ጋ ቁሙ።

ግን ጆሮ ይሳሳታል። የጭስ ማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን ትንሽ ከተነፈሰ ልክ እንደ ታፔት ቲክ ቲክ ይላል፣ ሲሞቅ ብረቱ ይሰፋና ይደፈናል፣ ድምፁ ይጠፋል። አያችሁ? ልክ እንደ ሃይድሮሊክ። ብዙ ሰው በዚህ ተታሎ ታፔት ገዝቷል። ረጅም ካቻቢቴ ወስዳችሁ ጫፉን የቫልቭ ክዳኑ ላይ፣ እጀታውን ጆሯችሁ ላይ አድርጉና አዳምጡ፤ ከዚያ ወደ ማኒፎልዱ አካባቢ አምጡት። የፋኑን ነገር አደራ፣ ነጠላና ክራቫት ለሌላ ቀን ይቆይ።

ቀጥሎ ክዳኑን አውርዱ። ሮከር የሚባል ነገር ጭራሽ ከሌለ፣ ቴስታታው ላይ ካንዴላ ብቻ ተሰክቶበት ድፍን ሆኖ ከታየ፣ ቫልቮቹ ብሎኩ ውስጥ ናቸው ማለት ነው። የድሮ ዶጅ እንዲህ ነው። እሱ ላይ ጎኑ ላይ ያለውን ክዳን ትከፍታላችሁ፣ ማስተካከያውን ራሱ ታፔቱ አናት ላይ ታገኙታላችሁ፣ ሶሊድ ነው፣ አለቀ።

ሮከር ያለው ላይ ግን ዋናው ፈተና ይሄ ነው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ፣ ማርሹን አውጡ፣ ሞተሩ በእጅ በቀላሉ እንዲዞር ካንዴላዎቹን አውጡ። ፑሊው ላይ ባለው ትልቅ ዳዶ ሞተሩን በቁልፍ እያዞራችሁ 6 ቁጥር ሲሊንደርን ተመልከቱ። የጭስ ቫልቩ ሊዘጋ ሲል፣ ማስገቢያው ደግሞ ሊከፈት ሲጀምር፣ እዚያ ላይ አቁሙ። በዚያች ቅጽበት የ1 ቁጥር ሁለቱም ቫልቮች ዝግ ናቸው፣ ታፔቶቻቸውም ከካሙ ጉብታ ላይ ወርደዋል። በመስመር ስድስት ላይ ይሄ ጥንድነት ቋሚ ነው፦ 1 ከ6፣ 2 ከ5፣ 3 ከ4። አንዱ ሲወዛወዝ ሌላው ያርፋል። ማኑዋል ለሌለው ሰው ይቺን መያዝ ብቻ ብዙ ትጠቅማለች።

አሁን የ1 ቁጥርን ሮከር ቫልቩ በኩል ባለው ጫፍ በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ላይ ወደ ታች ነቅንቁት። ትንሽ ተንቀሳቅሶ «ቀጭ ቀጭ» ካለ ክፍተት አለ። ክፍተት ካለ ግምቱ ወደ ሶሊድ ያደላል። ምንም ካልተነቃነቀ ገና አትፍረዱ። ሃይድሮሊክ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ሰው ከልክ በላይ ያጠበቀው ሶሊድም ሊሆን ይችላል።

የሚለያቸው ይሄ ነው። የሮከሩን ፑሽሮድ በኩል ያለውን ጫፍ በመዶሻ እጀታ ወይ በጠንካራ እንጨት ወደ ታች ተጫኑት። አትምቱት! ተጫኑና ያዙት፣ ሳትለቁ ትንሽ ቆዩ። ሃይድሮሊክ ከሆነ መጀመሪያ ይከብዳችኋል፣ ከዚያ ዘይቱ ቀስ ብሎ ሲወጣ ሮከሩ እየሰመጠ ይሄዳል፣ ቫልቩ በኩል ክፍተት ስትፈጠር ታያላችሁ። ስትለቁት በውስጡ ባለው ስፕሪንግ ተመልሶ ይነሳል። ዘይቱ አስቀድሞ የፈሰሰ ከሆነ ወዲያው እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። ሶሊድ ግን ቀኑን ሙሉ ብትጫኑት ፍንክች አይልም።

ከሰመጠ ሃይድሮሊክ ነው፣ ጨርሳችኋል። ካልሰመጠ ግን አንድ ጥርጣሬ ይቀራል፣ ዘይት ሳይቀየርለት የኖረ ሞተር ውስጥ ያለ ሃይድሮሊክ በዝቃጭ ተጣብቆ ድፍን ብረት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው በአንድ ታፔት አትወስኑ የምለው። ሞተሩን እያዞራችሁ በጥንዶቹ ሂዱ፣ 12ቱንም ንኩ። 12ቱም አንድ ላይ ተጣብቀው አያውቁም ባይባልም እንዲህ ዓይነት ሞተር በሌላ ብዙ ምልክት ራሱን ያጋልጣል፣ ክዳኑን ስታወርዱት ያለው ጥቁር ጭቃ ይነግራችኋል።

አሁንም ካልጠራ ታፔቱን በእጃችሁ አውጡና እዩት። ደስ የሚለው ነገር፣ ብዙዎቹ የድሮ ስድስት ሲሊንደሮች ብሎካቸው ጎን ላይ ረጅም የቆርቆሮ ክዳን አላቸው፣ 2ኤፍም አለው። ሮከሩን ካላላችሁና ፑሽሮዱን ካወጣችሁ በኋላ ታፔቱን በዚያ በኩል በማግኔት ዘንግ መምዘዝ ትችላላችሁ፣ ቴስታታ ማውረድ አያስፈልግም። አልወጣም ካለ በፕንሳ አትታገሉት። ታችኛው ጠርዙ ላይ ጥቁር ቅሪት ተጋግሮበት ይሆናል፤ ማጽጃ ፈሳሽ ንፉበት፣ እያሽከረከራችሁ ወደ ላይ ወደ ታች አመላልሱት። እንጉዳይ ቅርጽ ያለው፣ እግሩ ከወገቡ የሚሰፋ ታፔትም አለ፤ እሱ ከላይ ጭራሽ አይወጣም፣ ካምሻፍቱ ወጥቶ ነው በታች የሚወርደው። ከተሳበና በአንድ ቦታ ላይ ድርቅ ካለ ይሄን አስቡ።

ከማውጣታችሁ በፊት ካርቶን ላይ 12 ቀዳዳ አብጁ፣ «ፊት» ብላችሁ በአንድ በኩል ጻፉበት። እያንዳንዱ ታፔት ከነፑሽሮዱ በቁጥሩ ይቀመጥ። ይሄ የንጽሕና ወይ የሥርዓት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ታፔት ከራሱ የካም ጉብታ ጋር ተፋጭቶ ተላምዷል። ካቀያየራችኋቸው በአጭር ጊዜ ውስጥ ሁለቱም ይበላሉ።

በእጃችሁ ያለው ሶሊድ ከሆነ አንድ ወጥ ብረት ነው፣ ኩባያ የመሰለ፣ ፑሽሮዱ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ቦታ ያለው። ሃይድሮሊክ ከሆነ አፉ ላይ ውስጡን የሚይዝ ቀጭን የሽቦ ቀለበት አለ፣ ወገቡ ላይ ዙሪያውን የተቆፈረ መስመርና የዘይት ቀዳዳ አለው። ግን ቀለበትና ቀዳዳ ብቻ አይተው የሚፈርዱም ይሳሳታሉ። ውስጡ ክፍት በሆነ ፑሽሮድ ወደ ላይ ዘይት እንዲልኩ የተሠሩ ሶሊዶች አሉ፣ እነሱም ቀለበትና ቀዳዳ አላቸው። የሚያስታርቀው መጫን ነው። ታፔቱን ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አጽዱ፣ መሀሉን በፑሽሮድ ጫፍ ተጫኑ። ሄዶ ከተመለሰ ሃይድሮሊክ ነው። ብትፈቱት ደግሞ የአንዱን ፒስተን ከሌላው አካል ጋር አታደባልቁ፤ ፋብሪካው ጥንድ ጥንድ አድርጎ ነው የለካቸው፣ በመሀላቸው ያለው ክፍተት ከፀጉር በብዙ የቀጠነ ነው።

ታፔቱ እጃችሁ ላይ እያለ ሥሩንም እዩት። ሥሩ ላይ ተሽከርካሪ ጎማ ካለ ሮለር ነው። ይሄ ሶሊድ ወይ ሃይድሮሊክ ከመሆኑ ጋር አይገናኝም፤ ባለ አራት ሲሊንደሩ የድሮ ላንድሮቨር ለምሳሌ ሶሊድ ሆኖ ሮለር አለው። ድፍን ከሆነ ደግሞ ለጥ ያለ ይመስላል እንጂ በትክክል ለጥ ያለ አይደለም። መሀሉ በዓይን በማይታይ ልክ አበጥ ይላል፣ የካሙ ጉብታም ትንሽ ያዘነብላል፣ ሁለቱ ተደምረው ታፔቱ በየምቱ ትንሽ ትንሽ እንዲሽከረከር ያደርጉታል። በመሽከርከሩ ነው ዕድሜ የሚያገኘው። እንግዲህ ሁለት ታፔት ውሰዱና ሥር ለሥር አጋጥማችሁ ያዟቸው። ጤነኛ ከሆኑ አንዱ በሌላው ላይ ይወላወላል። ሳይወላወሉ ግጥም ብለው ከተቀመጡ እብጠቱ አልቋል፣ ወይም ሥሩ ገብቷል። ገንዘብ የማያስወጣ ፈተና ነው፣ የሚሠራው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ሥሩ ካለቀ ታፔቱን ብቻ መቀየር አይበቃም፣ የካሙንም ጉብታ ተመልከቱ። አሮጌ ታፔት በአዲስ ካም ላይ በፍጹም አይገባም። አዲስ ታፔት በደህና አሮጌ ካም ላይ ይገባል፣ ሰው ሁሉ ያደርገዋል። ሁለቱም አዲስ ሲሆኑ ሥራቸው በወፍራም የካም ቅባት ተቀብቶ፣ ሞተሩ እንደተነሳ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) ላይ ሳይቆም በደቂቃ 2000 ዙር አካባቢ ላይ ለ20 ደቂቃ ያህል ይያዝ። ሚኒሞ ላይ ካሙ የሚያገኘው የዘይት ርጭት ትንሽ ነው፣ የሚበላውም ያኔ ነው።

መለዋወጫ ልትገዙ ሶማሌ ተራ ስትወርዱ ወይ ስታስልኩ «የላንድክሩዘር ታፔት» ብቻ ብላችሁ አትሂዱ። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ስፋቱን በካሊፐር ለኩ፣ ቁመቱን ለኩ፣ ከሥሩ እስከ ፑሽሮዱ ማረፊያ ያለውንም ለኩ። የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል፣ እሷ ከተለየች ፑሽሮዱ ወይ ይረዝማል ወይ ያጥራል። «ሃይድሮሊክ እናድርገው፣ ጸጥ ይበል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ደግሞ ፈገግ ብላችሁ እለፉት። 2ኤፍ ብሎኩ ውስጥ ለታፔቶቹ በግፊት ዘይት የሚያመጣ መንገድ የለውም፤ ታፔቶቹ የሚቀቡት በሚረጭና ከላይ በሚወርድ ዘይት ነው። ሃይድሮሊኩ እዚያ ገብቶ ምን ይሞላል? የካሙ ጉብታም ቅርጽ ለሁለቱ አንድ አይደለም።

ዓይነቱ ከታወቀ በኋላ ማስተካከሉ ቀላል ነው። ሶሊድ ከሆነ በማኑዋሉ ልክ፣ 2ኤፍ ከሆነ ሞተሩ ሞቆ 0.20 እና 0.35። ፊለሩ ሲሳብ ትንሽ ያዝ እንዲያደርግ እንጂ እንዳይነክስ። ዳዶውን ካጠበቃችሁ በኋላ መልሳችሁ ለኩ፣ ሲጠብቅ ብሎኑ ትንሽ አብሮ ይዞራልና። የሮከሩ ጫፍ ተበልቶ ጎድጉዶ ከሆነ ፊለሩ ጉድጓዱን ድልድይ ሆኖ ያልፈውና ክፍተቱን አሳንሶ ያሳያችኋል፤ 0.35 አድርጌያለሁ እያላችሁ ከዚያ በላይ ነው፣ ጩኸቱ የማይጠፋው ለዚህ ነው። ሃይድሮሊክ ከሆነና ማስተካከያ ካለው ደግሞ ፊለሩን አስቀምጡት። ታፔቱ ከጉብታ ወርዶ እያለ ፑሽሮዱን በጣት እያሽከረከራችሁ ጨዋታው እስኪጠፋ ብቻ አጥብቁ፣ ከዚያ ማኑዋሉ የሚለውን ያህል ጨምሩ። ሸቭሮሌት 250 ላይ አንድ ዙር ነው። 235ቱ ላይ አንድ ተኩል።

አንድ ቫልቭ ብቻ የሚጮህ ከሆነና የቱ እንደሆነ ካልታወቃችሁ፣ ሞተሩን ሚኒሞ ላይ አድርጋችሁ ፊለሩን በየተራ በሮከሩና በቫልቩ መሀል ሰኩ። ድምፁ የጠፋበት እሱ ነው። ዘይት ይረጫልና አሮጌ ልብስ ልበሱ።

ስለ ዘይት ካነሳን፣ ሥሩ ድፍን የሆነ ታፔት ዚንክ ያለበት ዘይት ይወዳል፤ በካምና በታፔት መሀል ያለውን ፍትጊያ የሚችለው እሱ ነው። በአዲሶቹ የቤንዚን መኪና ቀጫጭን ዘይቶች ውስጥ የጭስ ማጣሪያውን እንዳይጎዳ ተብሎ ተቀንሷል። ስለዚህ ለአሮጌው ስድስት ሲሊንደር ውዱን 5ደብሊው-30 ገዝታችሁ የተሻለ ነገር ያደረጋችሁ አይምሰላችሁ። በአዳማ ሙቀት ጥሩ 20ደብሊው-50 ወይም ለናፍጣም የሚሆን 15ደብሊው-40 ይሻለዋል። የቫልቭ ክዳኑን ከመመለሳችሁ በፊት ሞተሩን በሞተሪኖ ትንሽ አዙሩትና ዘይት ሮከሮቹ ጋ መድረሱን በዓይናችሁ እዩ። አዲስ ጓርኒሲዮን አስገቡበት፣ አሮጌውን በሲሊኮን እያጣበቃችሁ አትዝጉ፤ የሲሊኮኑ ቁራጭ ተቀርፎ የሚወርደው ወደ ዘይት ፓምፑ ማጣሪያ ነው።